የበረኛው ፊት

በራንስዊክ ታውን ክለብ ብዙ ጎል የሰማ፣ ጥቂት ጎል ያየ ሰው ማን ነው ቢባል መልሱ ኖርማ ናት። ሻይ ቤታችንን የያዘችው እሷ ናት። አዲሱ ሜዳ ከተከፈተ ወዲህ በሜዳችን ከተደረገ ጨዋታ የቀረችበት አንድም የለም። ባሏ ሲሪል ያረፈበት ቅዳሜ እንኳ ሜዳው ጭቃ ውጦት ዳኛው ጨዋታውን ስለሰረዘው እንደ መቅረት አንቆጥርባትም። ብቻ ከእነዚያ ሁሉ ጨዋታዎች አንዱንም አላየችም። ሻይ ቤቷ ለሜዳው ጀርባዋን የሰጠች ናት።

የኳስ ሜዳ ሻይ ቤት እንዴት ለሜዳው ጀርባውን ይሰጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኛን አያውቀንም። በድምፅ ብልጫ ነው የሰጠው።

ክለባችን የደጋፊዎቹ ነው። ድሮ አንድ ባለቤት ነበረን፣ ቤት እየሠራ የሚሸጥ ሰው። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ሜዳችንን ሸጦ ሄዷል፤ አሁን እዚያ ቦታ ላይ የመኪና ጎማ ይቸረቸራል። የቀረን ስሙ፣ ወይን ጠጅና ቢጫ ማልያውና አንድ ከረጢት ኳስ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ፤ እኛም የቻልነውን አዋጥተን ክለቡን ለራሳችን አደረግነው። ብዙ ያዋጣም ትንሽ ያዋጣም ድምፁ አንድ ነው። ውሻውን በአባልነት ለማስመዝገብ የሞከረ ሰው ነበር፣ ተሰብስበን በድምፅ ከለከልነው። በጠባብ ልዩነት ነው ታዲያ፤ ውሻው ከብዙዎቻችን ይልቅ አዘውትሮ ይመጣ ነበር።

ከከተማው ዳር፣ ከፍሳሽ ማጣሪያው ጎን ርካሽ መሬት አገኘንና እሁድ እሁድ እየተሰበሰብን ሜዳውን በእጃችን ሠራን። ቧንቧውን የዘረጋሁት እኔ ኔቪል ነኝ፤ ዕድሜዬን የኖርኩት በቧንቧ ሥራ ነው። እስካሁን አልፈሰሰም። አንዴ የፈሰሰው በብርዱ ነው እንጂ በእኔ አይደለም።

ሻይ ቤቷን የምንሠራው ከግቡ ኋላ መሆኑ ላይ ሁሉም ተስማማ። ባንኮኒው ወዴት ይዙር የሚለው ላይ ግን ተፋጀን። ግማሹ ወደ ሜዳው ይሁን፣ ሻይ እየጠጣን እናያለን አለ። ግማሹ ደግሞ ሻይ የሚጠብቀው ወረፋ ከግቡ ኋላ የምንቆመውን ይከልለናል አለ። እጅ ሲቆጠር እኩል ለእኩል ሆነ። እጁን ያላወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ፀጉር አስተካካዩ ሲሪል። ሚስቱ ኖርማ ሻይ ቤቱን ልትይዝ የታሰበች ስለሆነ ሁላችንም ዞረን አየነው። እሱም ባንኮኒው ወደ ውጭ ይዙር አለ። ለምን ሲባል፣ ኖርማ ጨዋታ እያየች ምድጃ ውስጥ ያለውን የሥጋ ፓይ ታሳርራለች ብሎ በሰው ፊት መለሰ። ኖርማ እስከ ቤት ድረስ አላናገረችውም ይባላል፤ እስከ ማክሰኞ ነው የሚሉም አሉ።

ከዚያ በኋላ ሲሪል ዕድሜውን ሙሉ ቅጣቱን ሲከፍል ኖረ። ጎል በገባ ቁጥር ከግቡ ኋላ ተነስቶ፣ ሻይ ቤቷን ዞሮ፣ ባንኮኒው ጋ ደርሶ ለኖርማ ይነግራታል። ጎሉ በወዲያኛው በኩል የገባ እንደሆነ ደግሞ ሜዳውን ግማሽ ዞሮ፣ እያለከለከ ይደርሳል። ወረፋው ለሲሪል መንገድ ይለቃል። የኛ ሰው በአውቶቡስ ወረፋ የተጋፋውን ሰው ለዓመት የሚቀየም ነው፤ ለሲሪል ግን ያለ ማጉረምረም ዘወር ይልለት ነበር።

ኖርማ ኳስን ያወቀችው በጆሮዋ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ መጋረጃ ፋብሪካ ስትሠራ ቅዳሜ ተረኛ ስለነበረች የድሮውን ሜዳ በሩን እንኳ አታውቀውም። ሲሪል ማታ ሲመጣ ራት ላይ ይተርክላታል። ፋብሪካው ተዘግቶ ሻይ ቤቱን ስትይዝ፣ ትረካው ከራት ጠረጴዛ ወደ ባንኮኒ ተዛወረ፤ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ሁሉንም ሰው፣ ሊቀመንበራችንን ዴዝሞንድን ጭምር፣ "የኔ ልጅ" ትላለች። ስንት ማንኪያ ስኳር እንደምትወስድ አንዴ ከነገርካት ስትሞትም አትረሳውም። ለዳኛ ሻይ ስትቀዳ ግን ስኳሩን የምታደርገው እንደ ፊሽካው ነው፤ ፍፁም ቅጣት ምት የከለከለን ዳኛ ሻዩን መራራውን ጠጥቶ ይሄዳል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መግቢያው ላይ ትኬት እቆርጣለሁ። በሩ ከባንኮኒው ፊት ለፊት ስለሆነ የመጀመሪያውን አጋማሽ የማየው እንደ ኖርማ በሲሪል አፍ ነበር። ከእረፍት በኋላ በሩን ዘግቼ ከግቡ ኋላ እቆማለሁ። አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ተከላካያቸው ሊያወጣ የመታት ኳስ የኛን አጥቂ ጀርባ ገጭታ፣ ጭቃው ላይ እየተንፏቀቀች ገባች። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ሲሪል ሮጠ፤ እኔም ሻይ ስለፈለግኩ ተከተልኩት። ባንኮኒው ጋ ደርሶ ትንፋሹን ሰበሰበ።

"ኖርማ፣ አስቢው እስቲ" አላት። "ልጁ ኳሷን በደረቱ አበረዳት። አንዱን በቀኝ አለፈው፣ አንዱን በግራ አለፈው። ከዚያ ቀና ብሎ አየና ወደ ማዕዘኑ ላካት።"

ኖርማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች፤ ፊቷን አላዞረችም። "በየትኛው እግር?"

"በግራ።"

"የበረኛው ፊትስ?"

ይህቺን ሁልጊዜ ትጠይቃለች። ጎል እንደገባ በረኛው ኳሷን ከመረብ ሊያወጣ ዞር ሲል ፊቱ ምን ይመስል እንደነበረ ካልተነገራት ጎሉ ለእሷ አልገባም።

"አማቱ ለአንድ ወር ልትቀመጥ ሻንጣዋን ይዛ የመጣችበት ሰው ነው የሚመስለው" አለ ሲሪል።

ኖርማ ሳቀችና ማንቆርቆሪያውን ማዘንበል ቀጠለች። ከወረፋው ውስጥ አንድም ሰው አላረመውም። የሲሪል ጎሎች ሁሉ በግራ እግር ነበሩ፤ ራሱ ግራኝ ስለነበር ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ሰው ሲዋሽ ደሜ ይፈላል፤ ያን ቀንም ቱግ ብዬ ነበር። ግን ሰውየው ሲዋሽ እንኳ ደስ ይል ነበር።

ሲሪል በብርዱ ወር በድንገት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ጨዋታ ኖርማ እንደወትሮው ቀድማን መጥታ ውሃውን አፍልታ ጠበቀችን። ሁላችንም ፓይ ገዛን፣ ያልራበንም ጭምር። ከእረፍት በፊት ከሜዳው ጩኸት ተሰማ። ጎል ነው። ኖርማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ወረፋው እግሩን ያያል። የሚመጣ የለም። ያችን ጊዜ እኔ መቼም አልረሳትም።

ያኔ ኮሊን መጣ። ኮሊን መንገድ በረዶ ሲሆን ጨው የሚበትነውን ትልቅ መኪና የሚነዳ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ቁመቱ ከበራችን የሚበልጥ ሰው ነው። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለእሱ ነው። ስንት ዓመት ስናውቀው "አንድ ሻይ" ከማለት በቀር ቃል ሲወጣው አልሰማንም። ሁሉም "አንቺ" የሚላትን ኖርማን እሱ ብቻ "እርስዎ" ይላታል። ባንኮኒው ጋ ደረሰና ኮፍያውን አወለቀ።

"ገባ" አለ።

"ማን?"

"ዘጠኝ ቁጥር።"

"በየትኛው እግር?"

ኮሊን አሰበ። "በጉልበቱ።"

"የበረኛው ፊትስ?"

ኮሊን በጣም አሰበ። ወረፋው ሁሉ አብሮት አሰበ። "አላየሁትም" አለ በመጨረሻ። "የሚቀጥለውን አይልዎታለሁ።"

ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከግቡ ኋላ ካለው አጥር ጋ፣ መረቡ አጠገብ መቆም ጀመረ። እረፍት ላይ ሰው ሁሉ ቡድኑ ወደሚያጠቃበት ግብ ሲዞር፣ ኮሊን ቀድሞ ሄዶ ቦታውን ይይዛል። ሁላችንም ኳሷን ስናይ እሱ በረኛውን ያያል። ጎል ሲገባ ያ ትልቅ ሰውነቱ ሲሮጥ መንገድ የማይለቅ የለም። ትረካው እንደ ሲሪል አልነበረም፤ እውነቱን ብቻ፣ ያውም ቆንጥሮ ነበር የሚናገረው። ፊት መግለጽ ላይ ግን እየጎበዘ መጣ። አንዱን በረኛ "አውቶቡስ ያመለጠው" አለው፤ አንዱን "ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ"። ኖርማ ቀስ በቀስ እንደገና መሳቅ ጀመረች። ኮሊንም ሻዩን ባንኮኒው ጋ ቆሞ መጠጣት ለመደ። አንድ ቀን ስለ እናቱ ሲያወራላት ሰምቼ ጆሮዬን አላመንኩም።

ሁለት ብርድ እንዲህ አለፈ። ከዚያ መልካም ሐሳብ መጣ፤ እኛን የሚያጠፋን ደግሞ እሱ ነው።

ሊቀመንበራችን ዴዝሞንድ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ፣ ልቡ የዋህ፣ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነው። በዓመቱ ስብሰባ ላይ ተነሳና፣ ኖርማ ይህን ያህል ዘመን ስታገለግለን አንድ ጎል አይታ አታውቅም፤ ይህ ለክለባችን አሳፋሪ ነው፤ ከሻይ ቤቷ የኋላ ግድግዳ ላይ መስኮት እንክፈትላት አለ። መስታወት ገጣሚ የሆነ አባል መስታወቱን በነፃ ሰጠ። ሰው አጨበጨበ። እጅ ይውጣ ሲባል አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ኖርማ ከኋላ ነበረች። የሷ እጅ ከሁሉ ዘግይቶ ወጣ። እኛ ደስታ የበዛባት ነው የመሰለን። ዴዝሞንድ "በሙሉ ድምፅ" ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

መስኮቱ ጥሩ መስኮት ነበር፣ አይካድም። የወይን ጠጅና ቢጫ ጥብጣብ አስረንበት ኖርማ በፓይ መቁረጫ ቢላዋ ቆረጠችው። አመሰገነችን። ሁላችንንም ሳመችን።

የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ጩኸት ተሰማ። ኖርማ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ መስኮቱ ላይ ቆማለች። ኮሊን እንደልማዱ እየሮጠ ከጥጉ ብቅ አለ። ወረፋው ሳቀ፣ በክፋት አይደለም። "ኮሊን፣ እሷ እኮ ካንተ ቀድማ አየችው!" አለ አንዱ። ኮሊን ሩጫውን አቆመ። ቆሞ ወረፋውን አየ፣ መስኮቱን አየ። ከዚያ ከወረፋው መጨረሻ ቆመ፤ ተራው ሲደርስ አንድ ሻይ አለ፤ ከፍሎ ሄደ። ሻዩን ሳይጠጣው በሩ አጠገብ አስቀምጦት አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ወደ ባንኮኒው አልመጣም። እረፍት ላይ ሰው ሲዞር እሱ በወዲያኛው በኩል ይዞራል፤ የሚቆመውም በስተመጨረሻ ጣራ ካለው ጥግ ሆነ፣ ብቻውን።

ሻይ ቤቷም ሌላ ቤት ሆነች። ድሮ ጎል ሲገባ ባንኮኒው ጋ ሰው ይሰበሰብ ነበር፤ ያልሰማ ይሰማል፣ የሰማ ደግሞ ኖርማ ስትሰማ ያያል። አሁን ማን ምን ይነግራት? "አየሽው አይደል?" ይላታል ሰው። "አየሁት የኔ ልጅ" ትላለች። ያ ነው። ፓዮቹም ያርሩ ጀመር። ሟቹ ሲሪል በሰው ፊት የተናገረው ስንት ዓመት ቆይቶ እውነት ሆነ። እኛ ያረረውን ፓይ ዝም ብለን እናኝካለን፤ በሙሉ ድምፅ የወሰንነው ነገር ነዋ።

አንድ ቅዳሜ ሰው ከሄደ በኋላ የውሃ ማፍያው ያንጠባጥባል ብላ ጠራችኝ። አያንጠባጥብም። ገብቼ ስነካካው ኖርማ ፎጣ እያጠፈች ነበር።

"ኔቪል፣ የዓመቱ ጨዋታ ሲጠናቀቅ የሻይ ቤቱን ቁልፍ ላስረክብ ነው" አለችኝ። "የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ በኋላ ለዴዝሞንድ እነግረዋለሁ።"

ደነገጥኩ። አመመሽ ወይ አልኳት። አላመመኝም አለች። ደከመሽ? አልደከመኝም። እና ምን ሆንሽ? አልኳት፣ እንደ መቆጣት ብዬ።

"ይኼን ሁሉ ዘመን ሌላ ቡድን ስደግፍ ነው የኖርኩት" አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። "እነዚህ ልጆች እኮ መራመድም አይችሉም! ባለፈው ጎል ያስቆጠረው ልጅ ኳሷ መቀመጫውን መትታው ነው። መቀመጫውን፣ ኔቪል! የሲሪል ቡድን እንዲህ አይጫወትም ነበር።"

እኔ መፍቻዬን አየሁ።

"ሁላችሁም ታውቁ ነበር" አለች።

"እናውቅ ነበር።"

"ደግ አደረጋችሁ።" ፎጣውን እንደገና ፈታችና እንደገና አጠፈችው። "ይኼ መስኮት ሲሪልን ውሸታም አደረገብኝ። ኮሊንን ደግሞ ሥራ አስፈታብኝ። ሲሪልን አንዴ ቀብሬዋለሁ፤ በየቅዳሜው እዚህ ቆሜ ደግሜ ደግሜ አልቀብረውም።"

እንድፈነው አልኳት፤ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ጡቡን እኔ አመጣለሁ። እሷ ግን በፍቅር የሠሩትን ነገር ድፈኑልኝ ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ፤ ደግሞ እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ አለች። ለክለቡ ቦርድ እንዳትናገር ብላ አስማለችኝ። ማልኩላት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለአንድ ሰው ነው፤ እኛ ግን ተሰብስበን፣ አጨብጭበን ነው የኖርማን ብብት ያራገፍነው።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። "ኔቪል፣ ዛሬ የገባው ጎል፣ የበረኛው ፊት ምን ይመስል ነበር?"

"አላየሽውም እንዴ?"

"ከዚህ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱን ሊያዞር ሲል እናንተ ትዘላላችሁ። ኮት ብቻ ነው የማየው።"

እኔም አላየሁትም ነበር። እንዳላየሁት ነገርኳት፤ እሷም እሺ የኔ ልጅ ብላ መብራቱን አጠፋች።

የመጨረሻው ጨዋታ ለዋንጫም ለመውረድም የማይሆን፣ ዝናብ የሚያንጠባጥብበት ጨዋታ ነበር። የመጣብን ሞርተን ብሪጅ የሚባል፣ እንደኛው ከምኑም የሌለ ቡድን ነው። ኮሊን ትኬቱን ሊቆርጥ ሲመጣ በሩን በእግሬ ያዝኩት። የማልኩት ለቦርዱ ላልናገር ነው፤ ለመንገድ ጨው በታኝ እንዳልናገር ማንም አላስማለኝም።

"ኖርማ የበረኛውን ፊት ትጠይቃለች" አልኩት። "የሚመልስላት ጠፋ።"

ኮሊን ጫማውን አየ። "መስኮት አላት።"

"በመስኮቱ የምታየው ጀርባውን ነው።"

"ሲዞር ታየዋለች።"

"ሲዞርማ ማን ይዘላል?"

ኮሊን ወደ ሻይ ቤቷ ዞረ። ከኋላው ያለው ወረፋ ማጉረምረም ጀመረ። "እኛ" አለ በመጨረሻ። ትኬቱን ተቀብሎኝ ገባ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። እረፍት ላይ ሰው ከወዲያኛው ግብ ወደዚህኛው ሲዞር አየሁ፤ ኮሊን ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ አጥሩ ጋ፣ መረቡ አጠገብ ቆሟል። ሻይ ቤቷ ውስጥ ቁልፉ ባንኮኒው ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ ተቀምጧል። ኖርማ ለዴዝሞንድ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ልነግርህ ስለምፈልግ እንዳትሄድ ብላዋለች። ምስኪኑ ዴዝሞንድ ምስጋና መስሎት ክራቫቱን አስተካክሏል።

ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት አገኘን። ኳሷ ተሻማች፤ በረኛው ወጣ፣ ሳታት። ዘጠኝ ቁጥራችን ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ከተከላካያቸው ጋር ይጓተታል፤ ኳሷ ቅልጥሙን ነካችው፤ እንዳልፈለገች ሆና መስመሩን አለፈች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጎል ነው ከተባለ ጎል ነው። ዘለልን።

ከዚያ ኮሊን ሲሮጥ አየሁት፤ ጉልበቴን እያሻሸሁ ተከተልኩት። ወረፋው ላይ የነበሩት ሊስቁ ጀምረው ነበር። "አይታዋለች እኮ!" አለ አንዱ።

"ፊቱን አላየችም" አለ ኮሊን።

እንዲህ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። ወረፋው መንገድ ለቀቀ። ኖርማ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር። ዞረች። ኮሊን ኮፍያውን አውልቆ፣ ውሃ ከፀጉሩ እየወረደ ቆሟል። ኖርማ ምንም ሳትል ከገመዱ ላይ ትልቁን ፎጣ አወረደች፤ ወደ መስኮቱ ተመልሳ ፎጣውን ሰቀለችበት፤ ባንኮኒው ጋ መጥታ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። ጀርባዋን ሰጠችው።

"ከመጀመሪያው ጀምር" አለችው።

"የማዕዘን ምት ነበር" አለ ኮሊን። ቆመ። ወደ እኛ አየ፣ ወደ ጀርባዋ አየ፤ ጨው የሚበትነውን ከባድ መኪናውን በብርድ ሊያስነሳ የሚታገል ይመስላል። "ኳሷ ተሻማች። ዘጠኝ ቁጥር... በደረቱ አበረዳት።"

ወረፋው ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለ።

"አንዱን አለፈው" አለ ኮሊን። ፊቱ ቀላ። "ከዚያ ሌላውን አለፈው። ከዚያ መታት።"

የኖርማ እጅ ማንቆርቆሪያው ላይ ቆሟል። "በየትኛው እግር?"

ኮሊን ተነፈሰ። "በግራ።"

ኖርማ አልዞረችም። ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየን፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ከኋላ አይታወቅም። "የበረኛው ፊትስ?" አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

"ፊቱ" አለ ኮሊን፤ ይህኛውን ስላየው እንደልቡ ተናገረ። "ፊቱማ ይወደድልኛል ብሎ ለሰው ስጦታ ገዝቶ፣ ስጦታው እንዳልተወደደ በኋላ የገባው ሰው ፊት ነው።"

ዴዝሞንድ ከኔ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፎጣውን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። የዋህ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

ጨዋታው ካለቀ በኋላ ክራቫቱን አውልቆ ወደ ባንኮኒው ሄደና ምን ልትነግሪኝ ነበር አላት። ኖርማ ቁልፉን ከስኳሩ አጠገብ አንስታ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ለሚቀጥለው ዓመት መጋረጃ እሰፋለሁ፣ መስቀያ ብቻ እፈልጋለሁ አለችው። መስኮቱ ቆንጆ ስለሆነ መጋረጃ ያምርበታል አለች። ዴዝሞንድ ወጪ ስለሆነ ለስብሰባ መቅረብ አለበት ሊል አፉን ሲከፍት፣ ኪሴ ውስጥ ሁለት ምስማር አለ አልኩት። እሱም ከሆነማ ብሎ ክራቫቱን ኪሱ ከተተ።

ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ኖርማ ፎጣውን ይዛልኝ ቆማለች። ኮሊን ባንኮኒው ጋ ሻዩን እየጠጣ ነው፤ ሁለተኛው ሻዩ ነው። ኖርማ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ኔቪል፣ አንተ እዚያ ነበርክ። በየትኛው እግር ነው ያገባው?"

አይታዋለች እኮ። ቅልጥሙን ስትነካው ከዚሁ ከመስኮቱ አይታዋለች፤ እኔም እንዳየች አውቃለሁ። ምስማሩን አንዴ መታሁት።

"በግራ" አልኳት።